የጁምዓ ትምህርት፦ ዘመድህን ሳታውቅ እንዴት ትቀጥለዋለህ?



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን፤ ሶለዋትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። የአባታችሁን አባት ስም ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ መታወቂያችሁ ላይ ተጽፏል። የእናታችሁ እናት አባትስ ማን ይባላል? የአያታችሁ እህቶች ስንት ነበሩ? የት ተዳሩ? ልጆቻቸው ዛሬ ያሉት ወልቂጤ ነው፣ ቡታጅራ፣ መርካቶ ወይስ ጂዳ? ብዙዎቻችን እዚህ ስንደርስ ዝም እንላለን።

ቲርሚዚ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናችንን የምንቀጥልበትን ያህል የዘር ሐረጋችንን እንድንማር አዘውናል። ልብ በሉ፤ ዓላማው ሲለቱ ረሒም ነው። የማታውቀውን ዘመድ አትጠይቀውም፣ ሲታመም አትደርስለትም፣ ሐቁንም አትሰጠውም።

ቀደምቶቻችን ይህን ዕውቀት በቁም ነገር ይዘውት ነበር። አቡበክር (ረ.ዐ) የቁረይሽን የዘር ሐረግ ጠንቅቀው በማወቅ የታወቁ ነበሩ። ዑመር (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ለሙስሊሞች ድርሻ የሚከፋፈልበትን መዝገብ፣ ማለትም ዲዋኑን ሲያቋቁሙ፣ ሰዉን በየጎሳው እንዲጽፉ የዘር ሐረግ አዋቂዎችን መደቡ። ከእነሱ አንዱ ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም (ረ.ዐ) ነበሩ። መዝገቡ የተጻፈው ለእያንዳንዱ ሐቁ እንዲደርሰው ነው።

*የእኛ ስም በየትኛው መዝገብ አለ?*

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። እዚያ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢዎቻቸው የቤተሰብ ታሪክ የሚፈለግበት የኢንተርኔት መዝገብ ያቀርባሉ። ስም፣ የትውልድ ዓመትና ቦታ ስታስገቡ የቆየ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ፣ የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ወይም የጋብቻ ሰነድ ይወጣል። ፋሚሊሰርች የሚባለውን ደግሞ ማንም ሰው በነፃ ከስልኩ ሊከፍተው ይችላል።

ይህ የሆነው መንግሥታቸው ለረጅም ዘመን ስም በስም ስለጻፈ ነው። የአሜሪካ ቆጠራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1790 ነው። የግለሰቦች ቅጽ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነበር።

የእኛ አገር የመጀመሪያው ብሔራዊ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን ቀጥሎ በ1987 እና በ1999 ተደግሟል። ለሕዝብ የወጣው ግን ቁጥሩ እንጂ ስሙ አይደለም። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ በወሳኝ ኩነት መመዝገብ የጀመሩትም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በአሥር ቀበሌዎች ልደትና ሞት፣ የገባና የወጣ ሰው ሲመዘገብ ቆይቷል፤ ያ ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለጤና ጥናት ያቋቋመው እንጂ ቤተሰብ ለማፈላለግ የተሠራ አይደለም።

ሌላም ችግር አለ። እነዚያ መዝገቦች የሚፈልጉት ከትውልድ ወደ ትውልድ በሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ነው። እኛ ግን በአባታችን ስም ነው የምንጠራው፤ የመጨረሻው ስም በየትውልዱ ይቀየራል። ሙሐመድ የሚለው ስም ብቻ እንኳ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አጻጻፍ አለው! ስለዚህ ኮምፒውተሩ አያታችሁን ባያገኛቸው አይግረማችሁ።

እንግዲህ መዝገባችን የት ነው? ቤታችን ውስጥ፣ ምድጃ ዳር የተቀመጡት እናት ዘንድ ነው። መዝገቡ ይተነፍሳል፤ አንድ ቀንም ትንፋሹ ይቆማል።

*አንዲት ሴት የያዘችው ዕውቀት*

ቡኻሪ የዘገቡትን የዑቅባ ኢብኑል ሐሪሥን (ረ.ዐ) ታሪክ አስታውሱ። ካገባ በኋላ አንዲት ሴት መጥታ እሱንም ሚስቱንም ጡት እንዳጠባቻቸው ነገረችው። እሱ ምንም አያውቅም ነበር። ከመካ ተነሥቶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ እስከ መዲና ድረስ ጋልቦ ሄደ። እሳቸውም እንዲህ ከተባለ በኋላ እንዴት አብረህ ትኖራለህ በሚል መለሱለት፤ እሱም ተለያት። ያ ዕውቀት በጽሑፍ አልነበረም። የነበረው በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ብቻ ነው።

በእኛስ ሰፈር? እናት ስትታመም፣ ገበያ ስትውል ወይም ወተቷ ሲደርቅ ጎረቤት ልጇን ታጠባላት የለም እንዴ? ጡት ማጥባት በሸሪዓችን መሕረም ያደርጋል፤ ቀበሌ ግን አይመዘግበውም። በስንት ጊዜ መጥባት እንደሚጸና ዑለማዎች የተለያየ ሐሳብ ስላላቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ዓሊም ጠይቁ እንጂ ራሳችሁ አትፍረዱ። መጠየቅ ያለበት ግን ከኒካሕ በፊት፣ የሚያውቁት እናቶች በሕይወት ሳሉ ነው።

ውርስም እንደዚሁ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ ለወንዱም ለሴቷም ድርሻ ደንግጓል። በባህል ስም ግን ሩቅ የተዳረች አክስት ከወራሾች ዝርዝር ስትረሳ ኖራለች። ስሟ ካልተጻፈ ልጆቿ ሐቅ እንዳላቸው ማን ያስታውሳል?

*እንዴት እንጀምር?*

ለእኛ ከዐረፋ የተሻለ ጊዜ የለም። ከአዲስ አበባውም ከሌላውም አገር ያለው ሰው ወደ ጉራጌ የሚገባው፣ ቤተሰቡ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን የታመሙ ወይም በጣም ያረጁ ካሉ ዐረፋን አትጠብቁ።

1. ከራሳችሁ ጀምሩ። በደብተር ላይ እናትና አባታችሁን፣ ከዚያ አራቱን አያቶች ጻፉ። የእናት ወገን እኩል ይጻፍ።

2. ትልቁን ሰው አስቀድሙ። አስፈቅዳችሁ በስልክ ቅዱ። ቋንቋው ቸሃ ይሁን ሶዶ፣ መስቃንም ይሁን ስልጥኛ፣ በሚቀናቸው ይናገሩ።

3. ዓመት አትጠይቁ፤ ክስተት ጠይቁ። "ጣሊያን ሲገባ ተወልደው ነበር? በሰባ ሰባቱ ድርቅ ስንት ልጅ ነበረዎት?" ስትሏቸው ያስታውሳሉ።

4. "ይህን ከማን ሰሙ?" በሉ። ይህ ኢስናድ ነው። መልሱን ከአፋቸው አትንጠቁ፤ ሰው እንግዳውን ደስ ለማሰኘት ሲል ሊስማማ ይችላል። "ሩትስ" የተባለውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተመው አሌክስ ሄሊ በባርነት የተወሰደ ሙስሊም አያቱን ፍለጋ ጋምቢያ ድረስ ሄዶ ነበር። ታሪኩን የነገሩት ሽማግሌ ግን ጎብኚው ምን መስማት እንደሚፈልግ ቀድመው ሳያውቁ አልቀሩም ብለው የታሪክ ምሁራን ተችተዋል። ስለዚህ አንድን ነገር ከሁለት ሰው ሳትሰሙ "እርግጠኛ" ብላችሁ አትጻፉ።

5. ወረቀት ፈልጉ። የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የእድር መዝገብ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ ውሳኔ፣ በቤት ባለ ኪታብ ሽፋን ላይ የተጻፈ የልደት ቀን።

6. ኮፒ አድርጋችሁ ለሁለት ዘመድ ስጡ። የጡት ነገርና የቤተሰብ ገመና ግን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አይውጣ፤ አማና ነው።

*ስታገኙት ምን ታደርጉበታላችሁ?*

ፍለጋው ያላሰባችሁትን ሊያወጣ ይችላል። ቅድመ አያትህ ክርስቲያን ሆነው ብታገኛቸው ስማቸውን አትለውጥ፤ ሰውን በአባቱ እንድንጠራ በሱረቱል አሕዛብ ታዘናል። ያ ወገን ዛሬም ካለ ዘመድህ ነው። አስማእ ቢንት አቢበክር (ረ.ዐ) ገና ካልሰለሙት እናቷ ጋር ዝምድናዋን ትቀጥል ዘንድ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስትጠይቅ ፈቅደውላታል።

አያትህ ማኅበረሰባችን "ፉጋ" እያለ ካገለላቸው የእጅ ባለሙያዎች ወገን ሆነው ብታገኛቸውስ? ከደብተሩ ትሰርዛቸዋለህ? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ሕዝብና ጎሳ ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን፣ እሱ ዘንድ የሚከበረውም ይበልጥ የሚፈራው መሆኑን ነግሮናል። ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋና እንጨት ጠራቢው በላባቸው የበሉ ናቸው። ንቀቱ ነው ጃሂሊያው። ስማቸውን በሙሉ ጻፍ፤ ዘመዶቻቸውንም ሂደህ ዘይር።

ሐረጋችንን ቆጥረን የምንኩራራ ከሆነ ግን ደብተሩን ባንጀምረው ይሻላል። ስንት ስም እንደጻፍን ሳይሆን ከተጻፉት ውስጥ ስንቱን ደውለን እንደጠየቅን እንቁጠር።

የዚህ ሳምንት ሥራችን ይህ ይሁን፦ ከዐስር ሶላት በኋላ ከቤተሰባችሁ ትልቅ ከሆኑት ሰው ዘንድ ለአንድ ሰዓት ተቀመጡ፤ የማታውቁትን የአንድ ዘመድ ስም ይዛችሁ ውጡ፤ ያ ሰው በሕይወት ካለ ደውሉለት፣ ከሞተ ዱዓ አድርጉለት።

አላህ የተቋረጠ ዝምድናችንን ይቀጥልልን፤ የሞቱትን ይማርልን፤ አዛውንቶቻችንን በጤና ያቆይልን። አሚን። በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛቱን፣ ሱረቱል ከህፍንም መቅራቱን አትርሱ።

ወላሁ አዕለም። መልካም ጁምዓ!