መስኮት የሌለው ኩሽና አየር እንዲያገኝ

አጥር ተደግፈው በተሠሩ ሰርቪስ ቤቶች ውስጥ ኩሽናው ብዙ ጊዜ መስኮት የለውም። ጭሱ ያስመረረው ሰው ፋን ገዝቶ ይሰቅላል። ፋኑ ይጮኻል፣ እንፋሎቱ ግን ከቤቱ ንቅንቅ አይልም፤ ምክንያቱም በወጣው ፈንታ የሚገባ አየር የለም።

ስለዚህ ሥራውን ከመግቢያው ጀምሩ። በሩ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ከሆነ ግርጌውን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቆርጡ። ወደ ሳሎን የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ የውጩን ግድግዳ ከወለሉ አጠገብ ብሱት። በቡታጋዝ ለሚያበስል ሰው ይህ የታች ክፍተት የግድ ነው፦ ያፈተለከ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል።

መውጫውን በተቃራኒው በኩል፣ ከኮርኒሱ ሥር ክፈቱ፤ ምድጃውንም ወደዚያው አስጠጉ። በብሎኬት ቤት አንድ ብሎኬት ማውጣት ይበቃል። ኮለንና ቢም አይነካም። ለአይጥ የሽቦ ወንፊት፣ ለዝናብ ከውጭ የቆርቆሮ ክዳን አድርጉለት። ጭሱ የጎረቤት መኝታ ቤት እንዳይገባም አስቡ።

አሁን ፋኑን ምረጡ። የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ አባዙ፤ 2.5 በ2 በ2.6 ሜትር ቢሆን 13 ሜትር ኩብ ይሆናል። አየሩ በሰዓት 15 ጊዜ እንዲቀየር 13ን በ15 ስታባዙ 195 ይመጣል። ካርቶኑ ላይ በሰዓት ከ195 ሜትር ኩብ በላይ የተጻፈበትን ውሰዱ፤ ቱቦ የሚቀጠልበት ከሆነ ከፍ ያለውን ምረጡ። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ እያንዳንዱ እጥፋት የፋኑን ጉልበት ይበላል። የኤሌክትሪኩን ሥራ ለባለሙያ ስጡ። ክንፉ ላይ የሚጋገረውን ቅባትም፣ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ በየጊዜው እጠቡ።

ለመፈተሽ ጋዙን ዝጉ፣ ፋኑን አብሩ፣ ከታችኛው ቀዳዳ አጠገብ እጣን አጭሱ። ጭሱ ወደ ውስጥ ተስቦ ወደ ላይ ከሄደ ሥራው ተሳክቷል። ባለበት ከተንሳፈፈ መግቢያው ጠቧልና አስፉት።

ይህ ሁሉ ግን ለከሰል አይሠራም። ብዙዎቻችን ከሰሉ ፍም ሲሆንና ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ይግባ» እንላለን። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከቀላ ፍምም ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መዛል ከተሰማችሁ ሁላችሁም ወዲያው ውጡ፣ ወደ ሐኪም ቤትም ሂዱ። እባካችሁ፣ ቡናም ሆነ ወጥ በከሰል የምትሠሩ ከሆነ ምድጃውን ደጅ አውጡት።