የተሰበረ አጥንትን በብረት ዘንግና በብሎን ስለ መጠገን

የወላይታ ገበሬ ቤቱን ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መካከሉ ምሰሶ ነው። ምሰሶው ካልጸና ጣሪያውም አይጸናም። አጥንትም እንደዚሁ የሰውነታችን ምሰሶ ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ይኸውም የተሰበረ ምሰሶ መልሶ አይገጥምም፤ የተሰበረ አጥንት ግን ሕያው ስለ ሆነ ራሱን በራሱ ይጠግናል። እንግዲህ የሐኪሙ ሥራ አጥንቱን ማብቀል ሳይሆን፥ እስኪበቅል ድረስ አቅንቶ መያዝ ነው። ይህን ትምህርት እንድከታተል ያደረገኝ በሰፈራችንና በቤታችን የደረሰ አደጋ ስለ ሆነ እርሱንም ከዚህ በታች እናገራለሁ።

አጥንት በተሰበረ ጊዜ በስብራቱ ዙሪያ ደም ይፈስና ይረጋል። በረጋው ደም ቦታ ለስላሳ ነገር ይበቅላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ካልሲየም እየገባበት ይጠነክራል። የጎልማሳ ሰው የጭን አጥንት በደንብ እስኪጸና ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ለዚህም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ አጥንቱ እንዲቃና፥ ብዙ እንዳይነቃነቅና ደም እንዲደርሰው ነው።

የእጅ ስብራት ብዙ ጊዜ በጄሶ ይያዛል። የጭን አጥንት ግን በትላልቅ ጡንቻዎች የተከበበ ስለ ሆነ ጡንቻዎቹ ሁለቱን ስባሪዎች ይስባሉ፤ አጥንቱም ይደራረብና እግሩ ያጥራል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና በማይገኝበት ስፍራ ሕመምተኛው እግሩ በገመድና በክብደት እየተሳበ ለብዙ ሳምንታት በጀርባው ይተኛል። በዚህም ጊዜ ጀርባው ይቆስላል፤ በእግሩም ውስጥ ደም ሊረጋበት ይችላል። ገበሬ ከሆነ እርሻው ጾም ያድራል፤ ተማሪም ከሆነ ዓመቱ ያመልጠዋል።

ጌርሃርድ ኩንትሸር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. በኪል ከተማ በተሰበረ የጭን አጥንት መቅኒ ውስጥ ረጅም የብረት ዘንግ አስገባ። መቅኒ ያለበት ቦታ እንደ ቀርከሃ ክፍት ስለ ሆነ ዘንጉ ሁለቱን ስባሪዎች ከውስጥ ያያይዛቸዋል። ብዙ ሐኪሞች በመጀመሪያ አላመኑበትም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ከጀርመን ምርኮ የተመለሱ ወታደሮች በራጅ ሲታዩ በጭናቸው ውስጥ ብረት ተገኘ፤ እነርሱም ደህና ይራመዱ ነበር።

ሆኖም ዘንጉ ብቻውን ሲሆን አጥንቱ በላዩ ላይ ሊዞር ወይም ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ከስብራቱ በላይና በታች ብሎን አጥንቱንና ዘንጉን አልፎ ይታሰራል። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው፤ በዘንጉ ላይ ያለው ቀዳዳ በአጥንትና በሥጋ ውስጥ ስለ ተሸሸገ በዓይን አይታይም። በሀብታም አገሮች ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ውስጡን የሚያሳይ የራጅ መሣሪያ አጠገቡ አለ። መሣሪያው በሌለበትስ ምን ይደረጋል?

በቬትናም ጦርነት ጊዜ በሐኪምነት ያገለገለው አሜሪካዊው ዶክተር ሉዊስ ዚርክል ይህን ጥያቄ ለመመለስ በ1999 እ.ኤ.አ. ሳይን የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የድርጅቱ ዘንግ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ድፍን ነው። ከዘንጉ ራስ ላይ አንድ ክንድ ይገጠምና ከሰውነት ውጭ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆማል። በክንዱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በዘንጉ ላይ ካሉት ጋር ልክ ለልክ ናቸው። ሐኪሙም በውጭው ቀዳዳ በኩል ሰርስሮ የውስጡን ቀዳዳ በእጁ ስሜት ያገኘዋል። ድርጅቱ ዘንጎቹን ለድሆች በነጻ ይልካል፤ ሐኪሙም የሠራውን በራጅ ፎቶግራፍ አስደግፎ ሲገልጽ በምትኩ ሌላ ይላክለታል። በእኛም ከተማ በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል በዚህ ዘንግ ብዙ ሰዎች ታክመዋል።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጎረቤታችን ልጅ ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። አንድ ወጌሻ በቀርከሃ ስንጣቂ አጥብቆ አሰረው። ልጁ ሌሊቱን ሁሉ ጮኸ፤ እኛም የስብራቱ ሕመም ነው ብለን አጽናናነው። እኔ በማግሥቱ ጣቶቹን ስነካ ቀዝቅዘው ነበር፤ ነገር ግን ምን ማለት እንደ ሆነ ስላላወቅሁ ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን እጁ ጠቆረ፤ ሐኪሞችም ከክርኑ በታች ቆረጡት። ለካስ ስብራት ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም፤ ደም ያጣ ሥጋም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል።

ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። አያቴ ወጌሻ እንዲጠራ አዘዙ። እናቴ ግን፥ «አባባ፥ የዚያን ልጅ እጅ አላዩምን?» አለቻቸው። አያቴም ጥቂት ዝም ብለው፥ «መኪና ፈልጉ» አሉ። ወንድሜ በሆስፒታል ዘንግ ገባለት፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ በምርኩዝ ቆመ። ከወራት በኋላ ሐኪሙ ቁጢጥ ብሎ ፈገግ እንዲል ጠየቀው። ይህ በሳይን ዘንግ የታከሙ ሰዎች የሚታዩበት ፈተና ነው፤ ጉልበቱና ጭኑ ያልዳነ ሰው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ማለት አይችልምና። ዱከት ለሚቀመጥና እንሰት ለሚተክል ሰው ከዚህ የሚበልጥ ፈተና የለም።

ይህን ስል ወጌሻዎችን ሁሉ መንቀፌ አይደለም፤ ብዙዎች በእጃቸው ልምድ ያላቸው ናቸው፤ ሕዝቡም ያምናቸዋል። ስለዚህም እነርሱ አደጋውን ቢያውቁ ብዙ ሰው ይተርፋል። እኛ ተማሪዎች ግን እነዚህን ነገሮች በየቤታችን እናስተምር፦

አንደኛ፥ የተሰበረውን አካል በግድ ለማቃናት አትሳቡ፤ ከሰሌዳ ወይም ከእንጨት ጋር በጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ደግፉት።
ሁለተኛ፥ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል አድርሱ፤ እንዳይመረቅዝ መታጠብና መድኃኒት ያስፈልገዋልና።
ሦስተኛ፥ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ቢብስ፥ ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፥ ቢደነዝዙ ወይም ቢጠቁሩ፥ ያሰረው ማንም ይሁን ማን ማሰሪያውን ወዲያውኑ ፍቱና ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ ሁሉ፥ የብረት ዘንግ ለደረሰለት ሰው ይበጃል፤ ለጠቆረ እጅ ግን አይበጅም። እኔ አንድ ጊዜ የቀዘቀዙ ጣቶች ነክቼ ዝም ብያለሁ። ይህን ያነበበ ግን ዝም እንደማይል ተስፋ አደርጋለሁ።