የተሰነጠቀው ጎማ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።)

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ድሬ ላይ ቀኑ ሁሉ አንድ ሆነብኝ። ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ጨብሲ። እንደ ራምቦ ቦግ ብሎ መጥፋት አይሻልም?

ሽማግሌው፦ የትኛው ራምቦ?

ወጣቱ፦ ሐረር የኖረው ባለቅኔ ነዋ! እኔም እኮ ግጥም እጽፋለሁ።

ሽማግሌው፦ አቦ ተወኝ! ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ ግጥሙን ከተወ ዓመታት አልፈውት። ቡናና ቆዳ እያስመዘነ ሒሳብ ይጽፍ ነበር። ደብዳቤዎቹን ብታነብ ሰለቸኝ፣ ሰለቸኝ ነው። አንተ የምትሸሸውን ኑሮ ነው የኖረው! ለምኒልክ ጠመንጃ አምጥቶም በዋጋው ሲነታረክ ከረመ። በ1891 ጉልበቱ አብጦ በቃሬዛ ዘይላ ወረደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በ37 ዓመቱ ሞተ። የገደለው ካንሰር እንጂ ቅኔ አይደለም። «ራምቦ ቤት» እያላችሁ ፎቶ የምትነሡበትን ቤትም፣ እሱ ከሞተ በኋላ የህንድ ነጋዴ ነው ያሠራው። ድሬዳዋንማ የት አይቷት! ባቡሩ የደረሰው በ1902 ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ትርጉሙ የት አለ?

ሽማግሌው፦ እኔ 31 ዓመት የፉርጎ ጎማ በመዶሻ እየመታሁ አዳመጥኩ። ደህናው ያቃጭላል፤ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ያንኑ ድምፅ ሺህ ጊዜ ያልሰማ ጆሮ ልዩነቱን ከየት ያመጣል? አንድ ሌሊት አንዱ ጎማ ታፈነብኝ። ፉርጎው ይፈታ አልኩ። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ቆመ። አንዲት ጫት ይዛ ጅቡቲ የምትሄድ የሰፈራችን ሴት፣ ጫቱ ጠወለገብኝ ብላ እናቴን ሳይቀር ሰደበችልኝ። ሰደበችኝ ብቻ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጋላ ሰፈር ሁሉ «ባቡር ገታሪው» አለኝ! ልጆቼ እንኳ ትምህርት ቤት በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ልብ አድርግ፤ በዚያው ሰሞን አንድ ጠጥቶ የሚነዳ ሹፌር ደንገጎ ላይ ገደል ገባ። ወንድ ነበር ተብሎ ተለቀሰ፤ ሕፃን ተሰየመለት። ሦስት ሰው ይዞ እኮ ነው የገባው! የሦስቱን ስም ማን ይዞታል? ያልሞተ ሰው ለቅሶ የለውም፤ ያልደረሰ አደጋም ምስክር የለውም። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ሐዲዱም ዝም አለ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ። አንተም በምርቃና የጻፍካትን ግጥም ጠዋት፣ ቁርስ በልተህ አንብባት፤ ታቃጭል ትታፈን እንደሆነ አዳምጥ።

ወጣቱ፦ ሴትዮዋስ?

ሽማግሌው፦ ጅቡቲ በሰላም ገባች። እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።