ቢቻልና ባይቻል
(ስለ እስፓኝኛው ግስ ስለ «ፖዴር»)

ሰው የሚናገረው የሆነውን ብቻ አይደለም፤ ሊሆን ይችል የነበረውንም ይናገራል። ለዚህም እያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱን ዘዴ አበጅቷል። ከዚህ ቀጥሎ የምንመለከተው እስፓኝኛ (ስፓኒሽ) «ፖዴር» የተባለውን ግስ፣ ማለት «ቻለ»ን፣ በ«ቢሆን» መልክ እንዴት እንደሚያረባው ነው። ቋንቋው ላገራችን ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው፣ የወጣቶች ደሴት በሚባለው ስፍራ ተምረውበታል።

አመሠራረቱ ቀላል ነው። ከንኡስ አንቀጹ ከ«ፖዴር» ላይ የ«ኤ» ድምፅ ይወጣና «ፖድር» ይቀራል፤ በዚያ ላይ «ኢያ» ይጨመራል።

እኔ፦ ፖድሪያ
አንተ፣ አንቺ፦ ፖድሪያስ
እሱ፣ እሷ፣ እርስዎ፦ ፖድሪያ
እኛ፦ ፖድሪያሞስ
እናንተ፦ ፖድሪያይስ (በእስፓኝ አገር፤ በኩባ ግን «ፖድሪያን» ይባላል)
እነሱ፦ ፖድሪያን

የ«እኔ»ና የ«እሱ» መልክ አንድ ስለ ሆነ ባለቤቱ የሚለየው በነገሩ አካሄድ ነው።

ይህ «ኢያ» ከየት መጣ? «አቤር» የተባለው ረዳት ግስ በኃላፊ ጊዜ «አቢያ» ይላል፤ «ኢያ» የዚያ ቅሪት ነው። እኛም ብንሆን «እችል ነበር» ስንል «ነበር»ን፣ «ቢኖረኝ ኖሮ» ስንል ደግሞ የ«ኖረ»ን ቦዝ አንቀጽ እንጠራለን። እንግዲህ ሁለቱም ቋንቋዎች ያልሆነውን ለመናገር ካለፈው ጊዜ ተበድረዋል ማለት ነው። ያለፈው ከእጅ የራቀ ነውና፣ ያልሆነውም እንደዚሁ የራቀ መሆኑን ያሳዩበታል።

አሁን ደግሞ አንድ ተማሪ ለበዓል ስለ መምጣቱ ጉንደ ወይን ላለች እናቱ የሚጽፈውን በሦስት ደረጃ እንይ። (እኛ «መምጣት» በምንልበት በዚህ ስፍራ እስፓኝኛ «ኢር»፣ ማለት «መሄድ»፣ ይላል።)

1ኛ/ ገንዘብ ካገኘሁ መምጣት እችላለሁ። «ሲ ቴንጎ ዲኔሮ፣ ፖድሬ ኢር።»
2ኛ/ ገንዘብ ቢኖረኝ መምጣት እችል ነበር። «ሲ ቱቢዬራ ዲኔሮ፣ ፖድሪያ ኢር።»
3ኛ/ ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ መምጣት በቻልሁ ነበር። «ሲ ኡቢዬራ ቴኒዶ ዲኔሮ፣ አብሪያ ፖዲዶ ኢር።»

ደብዳቤው ሲነበብላት እናቲቱ በመጀመሪያው ጠላዋን ትጠነስሳለች። በሁለተኛው ልጇ እንደማይመጣ ዐውቃ፣ ምናልባት ጥቂት ብር ቋጥራ ትልክለታለች። በሦስተኛው ግን በዓሉም አልፏል፤ የቀረው ይቅርታ ብቻ ነው። እንግዲህ የግስ እርባታ የፈተና ነገር ብቻ አይደለም፤ ሰው መጠበቅ ያለበትንና ተስፋ መቁረጥ ያለበትን ይለያል። በእስፓኝኛ «ፖድሬ» ለማለት «ፖድሪያ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ሳያስበው አልመጣም ብሎ መጻፉ ነው።

ያማርኛ ተናጋሪን የሚያሰናክለው ግን ሌላ ነው። እኛ «ቢ»ን የምናስገባው ከሁኔታው ግስ ላይ ነው፤ «ቢኖረኝ» እንላለን። ስለዚህ «ኢያ»ን የ«ቢ» ምትክ አድርገን «ሲ ቴንድሪያ ዲኔሮ» ለማለት እንቸኩላለን። በሰሜን እስፓኝ እንዲህ የሚናገሩ ባይጠፉም የትምህርት ቤቱ ሰዋስው አይቀበለውም። «ሲ» ባለበት «ቱቢዬራ» ይባላል፤ «ኢያ» የሚገባው ከውጤቱ ግስ ላይ ነው።

በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌላው የጎጃም ጉባኤ ቅኔ የቆጠረ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ግእዝ «ሶበ መጻእከ እምተፈሣሕኩ» ሲል «ሶበ» ከሁኔታው ፊት ይቆማል፤ «እም» ግን ከውጤቱ ግስ ላይ ይወድቃል። አማርኛውም «ብትመጣ ኖሮ በተደሰትሁ ነበር» ነው፤ «በ»ን ከ«ተደሰትሁ» ላይ ተመልከቱ። እስፓኝኛም «ኢያ»ን ያኖረው እዚያው «እም»ና «በ» በቆሙበት ስፍራ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። «ፖድሪያ» የትሕትናም ቃል ነው። «ፕዌዴ አዩዳርሜ?» ማለት «ሊረዱኝ ይችላሉ?» ነው፤ «ፖድሪያ አዩዳርሜ?» ግን «ሊረዱኝ ይችሉ ይሆን?» እንደ ማለት ነው። እኛም ታላቅን ሰው ስንለምን «ቢረዱኝ…» ብለን ማሰሪያውን እንተወዋለን። ምክንያቱ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ ተለማኙ እንቢ ለማለት በር ይከፈትለታል።

መልመጃ፦ የሚከተሉትን ወደ እስፓኝኛ መልሱ፤ የ«ቻለ»ን መልክ ብቻ መጻፍ ይበቃል።
ሀ/ ዝናቡ ካባራ ሞጣ መድረስ እንችላለን።
ለ/ ዝናቡ ቢያባራ ሞጣ መድረስ እንችል ነበር።
ሐ/ ዝናቡ ቢያባራ ኖሮ ሞጣ መድረስ በቻልን ነበር።

መልሱ፦ ሀ/ ፖድሬሞስ፤ ለ/ ፖድሪያሞስ፤ ሐ/ አብሪያሞስ ፖዲዶ። ሦስቱን ሳይደናገር የለየ ሰው ከትምህርቱ የሚከብደውን አልፎታል።