ጠባሳን መታከም የአላህን ፍጥረት መቀየር ነውን?

ወንድሜ ሆይ! ፊትህ ላይ የቀረውን የቃጠሎ ጠባሳ፣ እህቴ ሆይ! ከወሊድ በኋላ ሆድሽ ላይ የቀረውን ሸንተረር መታከም ሐራም ነው ብለዋችሁ ይሆናል። አትቸኩሉ።

ሶሓባው ዐርፈጀህ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆረጠ። የብር አፍንጫ አሠርተው ቢያደርጉ ሸተተባቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ወርቅ ለወንድ ሐራም መሆኑን አስታውሱና ታሪኩን ደግማችሁ አስቡት! ብዙ ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው ጉዳትን ማስወገድን፣ ደህናውን አካል ለውበት ብሎ ከመለወጥ ይለያሉ። የቃጠሎ ጠባሳ ግልጽ ነው። ሸንተረርም ቆዳ በፍጥነት ሲለጠጥ የሚቀር ምልክት ስለሆነ፣ ለእኔ ወደ መጀመሪያው ይቀርባል። ባልሽ ስለሚያሾፍብሽ ከሆነ ግን መጀመሪያ መመከር ያለበት እሱ ነው፤ ልጁን ስትሸከሚ የወጣ ነውና።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያለ ሐኪም የሚሸጠው ቅባት ነው። ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ሸንተረር ያወጣል! ትሬቲኖይን ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ሸንተረር ገና ቀይ ሳለ ሕክምናን የተሻለ ይቀበላል፤ ከነጣ በኋላ ይደበዝዝ ይሆናል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ «እናጠፋዋለን» ለሚል ገንዘብሽን አትስጪ። ኬሎይድ ያለበትም ሰው በቀዶ ሕክምና ብቻ ቢያስወግደው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ያድጋል፤ ከመቆረጡ በፊት የቆዳ ሐኪም ያማክር። ቦታው ዐውራ ከሆነ፣ እህቴ፣ ሴት ሐኪም ፈልጊ፤ ቀጠሮ ስትይዢ አስቀድመሽ ጠይቂ።