«ተመልካች አይናገር!»፦ ከገበጣ እስከ ሰንጠረዥ

በዶርም ሕይወታችን ጠብ ከሚያስነሱ ነገሮች አንዱ የኮምፒውተር ጦርነት ነው። አንድ ላፕቶፕ ፊት ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ ከኋላ ስድስት ሰው ይቆማል። መንደር ይመሠረታል፣ እንጨት ይቆረጣል፣ ወርቅ ይቆፈራል፣ ጦር ይሰለፋል፣ ከዚያ የጎረቤት ግዛት ይወረራል። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ጠቡ የሚመጣው ከኋላ ከቆሙት አንዱ «በግራ በኩል ባዶ ነው፣ ግባ!» ያለ ጊዜ ነው። «ተመልካች አይናገር!» ይላል አንዱ። «ቡድን ነን እኮ!» ይላል ሌላው። ታድያ ማን ነው ልክ?

ግዛት የሚያዝባቸው ጨዋታዎች ሁሉ ከጠጠሩና ከወታደሩ ሕግ ሌላ አንድ ሕግ አላቸው፤ ማን ይናገራል የሚለው። ይህ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። በዚህ ጽሑፍ ሁለት የአገራችንን ጨዋታዎች፣ ገበጣንና ሰንጠረዥን፣ ይዤ ይህንኑ ለማየት እሞክራለሁ። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገሩ ከጨዋታም ያልፋል። ምክንያቱም ስለ ሰንጠረዥ ከምናውቀው አብዛኛውን ያገኘነው ከተጫዋቾቹ ሳይሆን አጠገባቸው ሆነው ካዩ እንግዶች ዘገባ ነው።

ከገበጣ ልጀምር፣ የማውቀው እሱን ነውና። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ መንገድ ላይ የምትገኘውን ማንኩሳን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ነው፤ የበዛብህ አገር ናት። በእኛ በኩል ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ደግሞ ገበጣን ያውቃል። ሰሌዳ አያስፈልግም። ዛፍ ሥር መሬቱ በሁለት ረድፍ 6፣ 6 ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ይገባል፤ በድምሩ 48። ጉድጓዱን ግን ጉድጓድ አንለውም፣ ቤት ነው የምንለው።

ጠጠሩ በየቤቱ እየተዘራ ይዞራል፣ ይበላል። የጨዋታው ጣዕም ያለው ግን ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ነው። ብዙ የበላው ልጅ በሁለተኛው ዙር የራሱን 6 ቤት ሞልቶ የተረፈውን በባላጋራው ቤት ያስቀምጣል፤ ያ ቤት ከዚያ ወዲያ የእሱ ነው። ለምሳሌ 28 ጠጠር የበላ 7 ቤት ይኖረዋል፤ ሌላው በቀረችው 20 ጠጠር በ5 ቤት ይጫወታል። እንዲህ እያለ አንደኛው ቤት አልባ እስኪሆን ይቀጥላል። ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ እኔ የምናገረው እኛ ስንጫወት ስለነበረው ነው። (በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን ተቃውሞ የተነሣው የጎጃም ገበሬ አንዱ ስጋቱ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነካ ነበር። በዚህ አገር አንድ ልጅ ለተወሰደችበት «ቤት» ቢያለቅስ አይፈረድበትም።)

የገበጣ ተመልካች ይከባል፣ ይስቃል፣ ያሾፋል። ሲመክር ግን ይቆጡታል፤ ሲብስም ይባረራል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። በገበጣ የተደበቀ ነገር የለም፤ ጠጠሩ በሙሉ ዓይን ፊት ነው። ጨዋታው ያለው ቆጠራው ላይ ነው፤ ቆጠራውን ሌላ ሰው ከቆጠረልህ ምን ቀረህ?

ሰንጠረዥ በዚህ ረገድ ፍጹም ተቃራኒ ነበር። ሰንጠረዥ የኢትዮጵያ ቼዝ ነው። ሰሌዳው 64 ቤት አለው፣ ግን እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነበር። በየወገኑ 16 ተሰላፊ አለ፦ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሳባ፣ ፈረስ፣ ደር፣ ከፊታቸውም ወታደሮቹ። ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሰሌዳውን አታስስም፤ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ትሄዳለች።

ከሁሉ የሚገርመው አጀማመሩ ነው። በቼዝ አንተ አንድ፣ እኔ አንድ እንላለን። በሰንጠረዥ ግን ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሰልፉን ያስተካክላል፣ ካልጣመው መልሶ ይለውጣል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ተሰላፊ እስኪበላ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በተራ ይሆናል። ዛሬ «ሪል ታይም» የምንላቸው የስትራቴጂ ጨዋታዎች ተራ አለመጠበቃቸው እንደ ዘመናዊ ነገር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በ2015 በተጨማሪ ክፍሉ ኢትዮጵያውያንን ከነሾተላቸው ሲያስገባ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ተራ የማይጠበቅበት ጦርነት ግን በእኛ መኳንንት ቤት ቀይ ጨርቅ ላይ ከጥንት ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ ጨዋታ ከጻፉት አንዱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 አንታሎ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴን ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ አገኛቸው። ዘገባው በ1809 በሎርድ ቫለንሺያ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። ተሰላፊዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትላልቅና ያልተዋቡ መሆናቸውን፣ ሲበላሉም በኃይል እየተመቱ ከቦታቸው እንደሚነሡ ይነግረናል። ሳባው በፈረስ ላይ ዘሎ ሦስት ቤት ብቻ ይሄዳል ይላል። ሌሎች ግን ሁለት ቤት ነው የሚሉት፤ ሶልት የቆመበትን ጭምር ቆጥሮ ይሆናል።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ቀጥሎ ያለው ነው። ጫጫታው ከፍተኛ እንደነበር፣ በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ፣ ባሪያዎች እንኳ ሳይቀሩ፣ በጨዋታው ድምፅ እንደነበራቸው፣ ይሻላል ያሉትን ለማሳየት እጃቸውን ሰድደው ተሰላፊውን ያነሡ እንደነበር ጽፏል። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ «እንዴት ያለ እኩልነት ነው!» ብለን እናልፍ ነበር። ሶልት ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ በብልሃት ሁልጊዜ ራሱ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር ይላል።

ይህችን ጭማሪ ነው ለዲፓርትመንታችን ልጆች ማሳየት የፈለግሁት። ጫጫታውን ማንም ያያል። ውጤቱን ከጫጫታው ጋር አስተያይቶ መጻፍ ግን የዘጋቢ ሥራ ነው። ስብሰባ ስንዘግብ «ተሳታፊዎች አስተያየት ሰጥተዋል» ብለን እናቆማለን፤ ውሳኔው የማን እንደሆነ አንጠይቅም። በሌላ በኩል ሶልት በዚያ ዘገባው ስለ ወረራ አያነሣም፤ ምናልባት የደረሰው ጨዋታው መሐል ላይ ነው። ወረራውን የገለጸው ዓመታት ከመኳንንቱ ጋር የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው፤ መጽሐፉም ከሞተ ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ ታተመ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ሲጽፍ ጨዋታውን የሚያስታውሱት ጥቂት አዛውንቶች ነበሩ። ገበጣ ግን መሬትና ጠጠር እስካለ አልሞተም።

በነገራችን ላይ ሰንጠረዥ ሁሉን ጠራርጎ መብላትን አይወድም። ንጉሡ ብቻውን ከቀረ ማት ማለት አይቻልም፣ አቻ ነው። በደር ወይም በፈረስ ማት ማለትም እንደ ጥበብ አይቆጠርም፤ የሚመሰገነው በትናንሾቹ ተባብሮ ማት ያለ ነው። ቤት አልባ ካላደረገ ከማያርፈው ከገበጣችን ጋር ሲተያይ ሰንጠረዥ ጨዋ ነው።

ወደ ዶርማችን ስንመለስ፣ «ተመልካች አይናገር» የሚለው ከገበጣ፣ «ቡድን ነን» የሚለው ከሰንጠረዥ የመጡ ይመስላሉ። ሁለቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው። የእኛ ችግር የቱን እንደምንጫወት ሳንስማማ መጀመራችን ነው። ከዚያም በላይ እኛ ዘንድ ራስ ወልደ ሥላሴ አለ፤ እሱም የላፕቶፑ ባለቤት ነው። ስድስታችንም እንጮሃለን፣ ወንበሩን ግን አይለቅም፣ ሲሸነፍም «ባትሪው ሊያልቅ ነው» ይላል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የዲፓርትመንት ውድድር የማቀርበው ሐሳብ ከወረራ የተወሰደ ነው። የመጀመሪያው ወታደር እስኪሞት ድረስ ከኋላ የቆመ ሁሉ ይናገር፣ ይምከር፣ ይጩህ። ከዚያ በኋላ የሚናገረው የተቀመጠው ብቻ ይሁን፣ ወንበሩ ግን በየዙሩ በዕጣ ይተላለፍ፤ የላፕቶፑ ባለቤትም ዕጣ ያውጣ። ይህ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በሩ ላይ ይለጠፍ።