ለእንግሊዝኛ መምህር የትኛው ማስተርስ ይሻላል?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር መሆን እፈልጋለሁ። ለማስተርስ ቴፍል (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር) ልግባ ወይስ ሥነ ጽሑፍ?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በአንድ የትምህርት ክፍል ሥር ስለሚሰጡ ተመሳሳይ ይመስላሉ። ቴፍል ግን ተማሪው ቋንቋውን እንዴት እንደሚለምድ፣ ትምህርትና ፈተናም እንዴት እንደሚዘጋጁ ያጠናል፤ ሥነ ጽሑፍ ደግሞ ድርሰትን መተንተንና መሄስን። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የሚረዳው እርስዎ በሚያስጨብጡት ቋንቋ ነው። አንዲት አንቀጽ አንብቦ ዋናውን ሐሳብ ማውጣት ለተሳነው ልጅ መድረስ የሚችለው የንባብ ማስተማሪያ ዘዴ የሚያውቅ መምህር ነውና፣ ቴፍልን እመርጥልዎታለሁ።

«ቋንቋውን ጠልቆ ያላወቀ ምን ያስተምራል?» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ይሁንና ያንን መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪዎ ሰጥቶዎታል፤ የቀረዎት የማስተማር ሥልጠናው ነው። ዓላማዎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ልቦለድና ግጥም ማስተማር ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ከመመዝገብዎ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ይመልከቱ። ክፍል ገብቶ ማስተማርና በታዛቢ መምህር መታረም ከሌለበት፣ ስሙ ቴፍል ቢሆንም ለእርስዎ አይበቃም። ማስተርሱ ፒጂዲቲን (የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማን) ይተካ እንደሆነ የክልልዎን ትምህርት ቢሮ ይጠይቁ። ተቋሙ የግል ከሆነ ደግሞ ዕውቅናውን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳያረጋግጡ ክፍያ አይፈጽሙ።